ከሁለቱ ድምፆች የቀረበው

ሃረቤል ጎጆ፣ ሰልከርክ ተራሮች
ጃንዋሪ 16 ቀን 1988

ማርሊስ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔም ኢቨርም ደህና ነን። ደብዳቤሽን ያመጣው ቅዳሜ እንግዶች ይዞ የሚመጣው ሄሊኮፕተር ነው፤ መልሱም የሚወጣው በዚያው ስለሆነ ዘገየህ ብለሽ አትቀየሚኝ።

አዎ፣ ስሙን የእንግዶች ዝርዝር ላይ አይቼዋለሁ። ዶክተር ስተርሊንግ ኮፕ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ከቶሮንቶ። ሌላ ስተርሊንግ ይሆናል ብዬ ራሴን ሳታልል አንቺ ጻፍሽና ገላገልሽኝ። አትቀበለው ማለት ከፈለግሽ በግልጽ መጻፍ ነበረብሽ። "እንዳሻህ" ብሎ ነገሩን ሰው ትከሻ ላይ ጥሎ መሄድ የድሮ ጠባይሽ ነው፤ ከተፋታንም በኋላ አልለቀቀሽም። ጎጆው የኔ አይደለም። እኔ ሰው ለመምራት የተቀጠርኩ ነኝ፤ የተመዘገበ ሁሉ ይመጣል። የሚስቱን የቀድሞ ባል በአካል ማየት ካማረው ይምጣና ይየኝ።

ስለ በረዶው ለጠየቅሽው፣ አንቺ እዚህ ኖረሽ ታውቂዋለሽና አልደብቅሽም፤ ዘንድሮ መጥፎ ነው። ከገና ወዲህ ሰማዩ ጠርቶ ከረመ፤ ብርዱም ምራቅ ያደርቅ ነበር። በረዶው ላይ አመዳይ በቀለ፤ እንደ ላባ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ስትረግጪው እንደ ብርጭቆ የሚንኮሻኮሽ። እንግዶቹ ተንበርክከው ፎቶ ሲያነሱት ነበር። ከዚያ አዲስ በረዶ መጣና ሳይሰብረው በላዩ ተኛበት፤ ነፋሱም የላዩን እንደ ሳንቃ አጠጠረው። አሁን ከላይ ሲያዩት አልጋ ልብስ የመሰለ ነው፤ ከስሩ ግን ያ ላባ እንደቆመ አለ። ትናንት ኢቨር ጉድጓድ ቆፍሮ ከላይ በአካፋው ጀርባ ቸብ ቸብ ሲያደርገው፣ የላይኛው በረዶ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ተንሸራቶ ወጥቶ ጭኑ ላይ ወደቀ። "ሆልገር፣ ይሄ እኮ ቂም ይዟል" አለኝ።

ኢቨርን ብታዪው አታውቂውም። እናታችን ስትሞት ቤታችን አምጥተሽ ያሳደግሽው፣ በየሳምንቱ ከትምህርት ቤት የሚባረረው ልጅ፣ ዛሬ ፈቃድ ያለው መሪ ሆኗል። ጢም አሳድጓል። ደብዳቤሽ ሲመጣ ሳልከፍተው "ምን አለች?" የሚለው እሱ ነው። እኔን እንጂ እሱን የፈታሽው አይመስለውም።

ሆልገር


ቶሮንቶ
ጃንዋሪ 30 ቀን 1988

ሆልገር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከደብዳቤህ ኋላ የላክኻት ቁራጭ ወረቀትም ደርሳኛለች። ደስተኛ ነኝ ወይ? ይሄን ለመጠየቅ አራት ዓመት ፈጀብህ። ነኝ። ቤታችን ይሞቃል፣ ባሌ ማታ ቤቱ ይገባል፤ በረዶ ሲጥልም በሬዬን ከመዝጋት በቀር የማደርገው ነገር የለም። ይበቃሃል?

ስተርሊንግ መጥፎ ሰው አይደለም። ለጋስ ነው፤ ሲስቅ ቤቱ ይሞላል። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ አይሆንም መባል። ምግብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ተይዟል ቢሉት እንኳ እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ካልበላ እንቅልፍ አይወስደውም። "ለምን እዚያ ትሄዳለህ? ሌላ ተራራ የለም ወይ?" አልኩት። "አሥራ አንድ ዓመት የኖርሽበትን ማየት እፈልጋለሁ" አለኝ። ለዚያ እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። የሚፈልገው አንተን አንድ ቁልቁለት ላይ አሸንፎ መምጣትና እራት ላይ ማውራት ነው።

ስለዚህ እለምንሃለሁ፤ በሰው ፊት አታዋርደው። ስትፈልግ ብቻውን ጠርተህ ስደበው። በሰው ፊት ሲዋረድ የሚሠራውን አያውቅም።

ሌላም አለኝ፤ ኢቨርን ከሱ ጋር አታጣምረው። ኢቨር ሰው ሲጠራው እምቢ ማለት አይችልም፤ ይሄን አንተም ታውቃለህ። ሳመው። ጢሙን ይላጭ በለው፤ እንዲያ ሆኖ ማየት አልፈልግም።

ማርሊስ


ሃረቤል ጎጆ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1988

ማርሊስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰውዬሽ በሰላም ደርሷል። ሻንጣው ከኔ አልጋ ይበልጣል። የጸጉር ማድረቂያ ይዞ መጥቶ መብራት የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ ኢቨር በጀነሬተሩ ሊያሠራለት ሲሯሯጥ ዋለ። የማርሊስ ባል ነውና።

ስኪ ይችላል፤ አልዋሽም። ሰው ባስተካከለለት ሜዳ ላይ ማለቴ ነው። እዚህ ግን ትናንት ከአንድ ትልቅ ጥድ ስር በጭንቅላቱ ገብቶ፣ ኢቨር ነው ሱሪውን ይዞ እንደ ካሮት የነቀለው።

ማታ እራት ላይ ከሐይቁ በላይ ስላለው ሰፊ ተዳፋት አነሳ። የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ።

"ነገ እሱን እንውረድ" አለ።

"ዝግ ነው" አልኩት።

"ማነው የዘጋው?"

"እኔ።"

"ከጎኑ ያለውን ዛሬ ወርደነው የለ እንዴ?"

"ያ ጫካ ውስጥ ነው፤ ቁልቁለቱም ለዘብ ይላል። ይሄኛው ወገቡ ላይ ያብጣል። እብጠቱ ላይ ሰው የቆመ ዕለት ከላይ እስከ ታች ይበጠሳል። ዛሬ ሜዳው ላይ ስንሄድ ከእግራችን ስር 'ዑምፍ' ያለውን ሰምተሃል አይደል? ያ አመዳዩ ሲደረመስ ነው። ሜዳ ስለነበር ነው አሁን ሾርባ የምትጠጣው።"

ሹካውን አስቀምጦ እንግዶቹን በየተራ አያቸው። "ማርሊስ ነግራኛለች" አለ። "ሆልገር አንድን ነገር ሲያስብበት ሲያስብበት ሌላ ሰው ይወስደዋል አለችኝ።"

ኢቨር በእግሩ ከጠረጴዛው ስር ነካኝ፤ ተወው ማለቱ ነው።

"ዶክተር" አልኩት፣ "ትናንት እግርህ ሰማይ አይቶ ጭንቅላትህ ጥድ ስር ነበር። መጀመሪያ መቆም ልመድ። ቁልቁለቱን በኋላ እንመርጥልሃለን።"

ሁሉም ሳቀ። አንድ ባልና ሚስት መምህራን ከሳስካቱን መጥተዋል፤ ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያልሳቀው ኢቨር ብቻ ነው። አታዋርደው ብለሽኝ ነበር፤ አልረሳሁም። ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። በእውነት ብለሽዋል?

ሆልገር


ከከተማው ሆስፒታል
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1988

ማርሊስ፣

ስልኩን ስለዘጋሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ስተርሊንግ የነገርኩሽ ሁሉ እውነት ነው። የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ጉልበቱም ተጎድቷል፤ ሐኪሞቹ አያሰጋም ብለዋል። ይበላል። ትራሱ አልተመቸኝም ብሎ ሁለቴ አስለውጧል።

ግን "ኢቨርን አገናኘኝ፤ ላመስግነው፤ ያወጣው እሱ ነው አይደል?" ስትዪ አፌ አልከፈት አለኝ። ሳቅሽም ይሰማኝ ነበር። ነርሷ አጠገቤ ቆማለች፤ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ዘጋሁት።

ኢቨር የለም። ናዳው ሁለቱንም ወስዷቸው ነበር። አንዱ ተረፈ።

ይሄን በደብዳቤ መስማት እንዳልነበረብሽ አውቃለሁ። አንቺ ስታለቅሺ መስማት ግን አልችልም። ለራሴም ገና አላለቀስኩም።

ሆልገር


ቶሮንቶ
ማርች 1 ቀን 1988

ሆልገር፣

እግዚአብሔር ያጽናህ እንዳልልህ ማን ነኝና? እኔንስ ማን ያጽናናኛል? እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ አበባ ይዞ "እንኳን ባልሽ ተረፈልሽ" ነው የሚለኝ። እሺ፣ አመሰግናለሁ እላለሁ። ሻይ አፈላለሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። ኢቨር ምኔ እንደነበር ለዚህ አገር ሰው በምን ቃል አስረዳለሁ? የቀድሞ ባሌ ወንድም ብል ቅንድቡን ያነሳል።

ስተርሊንግ ባለፈው ሳምንት ገባ። ሶፋው ላይ ነው የሚውለው። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው "ልጁ ወሰደኝ፣ በረዶው ወረደ፣ በቃ" ይለኛል።

የጠየቅኸኝን አልሸሽም። አዎ፣ ብዬዋለሁ። የተጋባን ሰሞን ላስቀው ብዬ ነው። አንድ ቀን ፊትህ ላይ ይወረውረዋል ብዬ አላሰብኩም። ይሄን የምጽፈው ይቅር እንድትለኝ አይደለም።

ሌላ ልጠይቅህ የምፈልገው አለ። ለብቻው እልክልሃለሁ።

ማርሊስ


ሃረቤል ጎጆ
ማርች 13 ቀን 1988

ማርሊስ፣

አይ፣ አላውቅም ነበር።

"ማንን እንደምትቆፍር ታውቅ ነበር? ብታውቅ ኖሮስ?" የሚለው ጥያቄሽ ብቻውን በአንድ ሙሉ ወረቀት መሐል ተቀምጦ መጣ፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። መልሱን ከፈለግሽ ሁሉንም ስሚ።

ያን ጠዋት በጫካው በኩል እየወጣን ነበር። እኔ ከፊት፣ ኢቨር ከኋላ። ስተርሊንግ "ጫማዬን ላጥብቅ" ብሎ ቆመ፤ ኢቨርም አብሮት ቀረ። እኔና መምህራኑ ቀጠልን። ቀጥሎ የሰማነው የኢቨርን ጩኸት ነው፤ ነፋስ ስለነበር ቃሉን አልለየነውም። ስመለስ ያየሁት የስኪ ፋና ነው። የስተርሊንግ ፋና ከጫካው ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ተዳፋቱ ገብቷል። የኢቨር ፋና ጫፉ ላይ፣ ከጥዶቹ ስር ቆሟል፤ እዚያ ሆኖ ነው የጠራው። ወዲያው ሁለቱንም አየኋቸው። ሰውዬሽ እብጠቱ ላይ ወድቆ አንድ ስኪው ወልቋል፤ እጁን እያወዛወዘ ይጣራል። ኢቨርም ሊያነሳው ገባ። እንዳይገባ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስሙን ጠርቼ ሳልጨርስ ከበላያቸው ተሰነጠቀ፤ ሙሉው ተዳፋት እንደ ተሰበረ ሳህን ሆኖ ወረደ።

ደረታችን ላይ የምናስረውን ሬዲዮ ታውቂዋለሽ። ከበረዶ ስር ይጮሃል፤ ሲቀርቡት ድምፁ ይበረታል። ድምፅ እንጂ ስም አይናገርም። ሁለት ድምፅ ነበር፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። ሕጉ ቅርቡን ቆፍር ነው። ቆፈርኩ። "ኢቨር፣ አይዞህ፣ መጣሁ፣ ኢቨር፣ ወንድሜ" እያልኩ ነበር የምቆፍረው። ጭንቅላት አገኘሁ። ፊቱ በበረዶ ታሽጓል። በጣቴ ጢሙን ስፈልግ ለስላሳ አገጭ አገኘሁ።

እጄ ቆመ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ከአፉ ውስጥ በረዶውን ጠርጌ አወጣሁለት፤ ተነፈሰ።

ቀጥሎ ያለውን ስሚ። የሱ ሬዲዮ እየጮኸ የኢቨር ሊለይልኝ አልቻለም። ለመዝጋት ደግሞ እስከ ደረቱ መቆፈር ነበረብኝ። ወንድሜን ለመስማት ያንቺን ባል እስከ ደረቱ ቆፈርኩ። ስዘጋበት "እንዳትተወኝ" አለኝ። ለመምህራኑ ትቼው ሄድኩ። ኢቨር ጋ ስደርስ ዘግይቼ ነበር።

ብታውቅ ኖሮስ ብለሻል። ባውቅ ወደ ሩቁ እሮጥ ነበር። በይ አሁን ከፈለግሽ አመስግኚኝ።

የሞቱን ምክንያት የሚያጣራው መርማሪ በኤፕሪል የምስክሮች ቃል ይሰማል። እሱ ሲመጣ ፋናውን ሁሉ አዲስ በረዶ ሸፍኖት ነበር። ስተርሊንግ በጽሑፍ የላከውን ቃል አነበብኩት፤ "መሪው ኢቨር ሊንስታድ ወደ ተዳፋቱ ወሰደኝ" ይላል። እኔ ወንድሙ ስለሆንኩ ቃሌ አይከብድም። ጠይቂው። እውነቱን ከነገረሽ ነይና ተናገሪ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።

ሆልገር


ቶሮንቶ
ኤፕሪል 4 ቀን 1988

ሆልገር፣

ጠየቅኩት። ቁርስ ላይ ነው፤ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ።

"ኢቨር ጠርቶህ ነበር?"

"ጠርቶኛል።"

"ምን ብሎ?"

"ተመለስ ብሎ።"

"አንተስ?"

"ያልሰማሁ መሰልኩ።"

"ታዲያ እሱ ወሰደኝ ብለህ ለምን ጻፍክ?"

ቢላውን አስቀምጦ በዚያ በሽተኛ በሚያባብልበት ድምፁ "ማርሊስዬ" አለኝ፣ "ልጁ ሞቷል። የሞተን ሰው ፈቃድ ማን ይቀማዋል? እኔ ግን ክሊኒክ አለኝ፣ ስም አለኝ። ማንም አይጎዳም።" ዳቦውን ነከሰ።

ይኸው፣ ነገርኩህ። ግን አልመጣም።

የምስክር ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ባሌን በሰው ፊት ውሸታም አልለውም። አንድ ቤት አፍርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሁለተኛውን ካፈረስኩ በኋላ የምገባበት የለኝም። ኢቨር ቢሆን "ተዪው ማርሊስ፣ ግድ የለም" ይለኝ ነበር። እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅህም፤ እንደማትሰጠኝ ስለማውቅ ነው።

ማርሊስ


ከከተማው
ሜይ 9 ቀን 1988

ማርሊስ፣

ውሳኔው ትናንት ተነበበ። ጥፋቱ የኢቨር ሆኗል፤ የተዘጋ ተዳፋት ላይ እንግዳ ይዞ የገባ መሪ ተብሏል። ለራሱ ሕይወትና ለእንግዳው ጉዳት ተጠያቂው እሱ ነው። እኔም የበታቼን ባለመቆጣጠሬ የመሪዎች ማኅበሩ ፈቃዴን ወስዷል። መምህራኑ እያለቀሱ "አልሰማንም፣ ነፋስ ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ስተርሊንግ አልመጣም፤ ጠበቃ ላከ። ጠበቃው ሲወጣ "አዝናለሁ" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ጥሩ ጥርስ አለው።

ኢቨር በሕይወቱ አንድም እንግዳ አላስጎዳም ነበር። እዚህ ከተማ ዳቦ የሚሸጡት ሴትዮ ሳይቀሩ አሁን "ምን ነክቶት ነው?" ይሉኛል።

ሆልገር


ቶሮንቶ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1988

ሆልገር፣

ሰላም እንኳ እንዳልልህ ፈራሁ። ላለፉት ሦስት ደብዳቤዎቼ አልመለስክም፤ ይሄንን ግን አንብበው።

ከስተርሊንግ ቤት ወጥቻለሁ። ባለፈው ወር እንግዶች ጠርተን ነበር። ከእራት በኋላ ስለ ተራራው አውራን አሉት፤ ወይን ጠጥቶ ነበርና አወራ። እንዴት በረዶ ስር ራሱን አረጋግቶ እንደጠበቀ፣ እንዴት እንዳልፈራ። ከዚያ ተነስቶ የሚቆፍር ያህል እጆቹን እያርገፈገፈ፣ ያንተን አነጋገር አስመስሎ "ኢቨር! ኢቨር ወንድሜ!" አለ። "ሰውዬው ፊቴን ሲያይ የሆነውን ብታዩ! ሕይወቴን አትርፎ እንደዚያ የተናደደ ሰው አይቼ አላውቅም!" ሳቁ። አንዷ "አንተ ጨካኝ!" ብላ ትከሻውን መታችው፤ እየሳቀች።

ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወለሉ ላይ ለቀቅኩት። ቁርስ ላይ የነገረኝን ሁሉ እዚያው ቆሜ ለእንግዶቹ ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን ፈለጉ። እሱ "አሟታል" እያለ በር ድረስ ሸኛቸው።

በማግሥቱ ለመርማሪው ጻፍኩ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ከባሏ የተጣላች ሚስት ቃል ለመክፈት አይበቃም ብሎ መለሰልኝ።

አሁን እህቴ ዘንድ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ኢቨር የት ነው ያረፈው? ከጎጆው በላይ ይሁን ከተማው ውስጥ አላውቅም። ሄጄ መሬቱን ልንካው። አንተን ማየት የለብኝም፤ ሳታየኝ መጥቼ እመለሳለሁ።

ማርሊስ


ከባቡር ሠራተኞች ካምፕ
ኦክቶበር 8 ቀን 1988

ማርሊስ፣

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። መርማሪውም ለሱ የጻፍሽለትን ግልባጭ ልኮልኛል። የተናገርሽው ሁሉ ትክክል ነው። የሚሰማሽ ሰው በነበረ ጊዜ ግን ለሚሰማሽ ሰው አልተናገርሽም፤ የተናገርሽው ለእራት እንግዶች ነው።

አሁን ሐዲድ ላይ ናዳ ከሚጠርጉ ሠራተኞች ጋር ነኝ። ሥራው አካፋ ነው። ሰው አልመራም።

የት እንዳረፈ አልነግርሽም። አትምጪ። ብትመጪም የሚያሳይሽ የለም፤ የምታውቂያቸውን ሁሉ እየዞርኩ አደራ ብያቸዋለሁ፤ እሺ ብለውኛል። ኢቨር ግድ የለም ይለኝ ነበር ብለሽ በሱ ስም ራስሽን ይቅር ስላልሽ፣ መሬቱን መንካት አያስፈልግሽም።

አንድ የደበቅኩሽ ነገር ነበር። ዘግይቼ ነበር ብዬሻለሁ፤ ዘግይቼ ነበር፤ ግን ኢቨር ገና አልሞተም ነበር። ፊቱን ስጠርግለት ዓይኑን ከፈተ። ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። "የማርሊስ ሰውዬ ወጣ?" አለኝ። "ወጥቷል" አልኩት። "ደስ ይላታል" አለ። ሌላ አልተናገረም። እጄ ላይ እያለ አለቀ።

ይሄን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ እንዳትሰበሪ ብዬ ነው። አሁን ግን እወቂው።

ሆልገር